የድሮ የግራ ፖለቲካ በራሪ ወረቀት እንዴት ይነበባል?

ካራ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች ሱቄ ያገለገሉ መጻሕፍት እሸጣለሁ። ልጆች ከወላጆቻቸው ሣጥን ያገኙትን ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። "ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?" ይሉኛል።

መጀመሪያ ዓመቱን እዩ። 1968 የሚለው የእኛ ከሆነ ደርግ ሥልጣን ይዟል። የፈረንጅ ከሆነ ግን ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ናቸው፤ መኢሶን (የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) ሀምቡርግ የተመሠረተበት ዓመት ነው።

ቀጥሎ ማን ማንን እንደሚሰድብ ፈልጉ። የድርጅቱ ስም ተቀዶ ቢጠፋ እንኳ ስድቡ ያጋልጣል። ደርግን "ፋሺስት" ብሎ "ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት" ከጠየቀ የኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) ነው ብላችሁ ጀምሩ። "ሂሳዊ ድጋፍ"ን፣ ማለትም ደርግን እየተቹ መደገፍን፣ ደግፎ ከተከራከረ ወደ መኢሶን ሂዱ። "አናርኪስት" የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢሕአፓን ነው። በዚህ ቃል ሰው ተገድሏልና እንደ ተራ ስድብ አትለፉት።

"ኢንተርናሽናል" ካለ፣ የግራ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ ማኅበር ማለት ነውና፣ ቁጥሩን ያዙ። አንደኛው፣ ማርክስ የነበረበት፣ በ1864 እ.ኤ.አ. ለንደን ተመሠረተ። ሦስተኛው በ1919 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ተቋቁሞ በ1943 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። አራተኛው በ1938 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፣ የስታሊን ተቀናቃኝ የነበረው የሩሲያ አብዮተኛ የትሮትስኪ ወገኖች ነው፤ ከስታሊን ደጋፊዎች ጋር አታደባልቁት።

ጀርባው ላይ በእጅ የተጻፈ ስም ካለ፣ ቤተሰቡን ሳታስፈቅዱ ፎቶውን የትም አትለጥፉ።