ከሰሜን ሸዋ ለካንሰር ሕክምና ስትሄዱ በጤና መድን እንዴት እንደምትታከሙ

ካንሰር ነው ሲባል ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው በሬ መሸጥን ነው። ቆይ! በሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት የመድን ደብተራችሁ ይውጣ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ሪፈር (ወደ ከፍ ያለ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት) ተጽፎለት በመንግሥት ሆስፒታል ካንሰርንም መታከም ይችላል። ብዙ ሰው ግን መድን እያለው ከኪሱ የሚከፍለው ወረቀቱ መሀል ላይ ስለሚቋረጥበት ነው፤ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ማስቀረት ይቻል ነበር።

መጀመሪያ ደብተሩን እዩ። የዘንድሮ መዋጮ ተከፍሏል? ምዝገባና እድሳት በዓመት አንዴ ነው፣ እኛ አገር ብዙ ጊዜ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ። ያኔ ሳያሳድስ ያለፈው ሰው እስከሚቀጥለው ዙር ይጠብቃል። ልጃችሁ 18 ዓመት ካለፈው በእናንተ መዋጮ አይታከምም፣ ለእሱ ተጨማሪ ይከፈላል። መክፈል የማይችል ደግሞ ቀበሌው ከለየው መንግሥት ይከፍልለታል፣ ስለዚህ «የለኝም» ብላችሁ ቤት አትቅሩ፣ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ስሙንም ፊደል በፊደል አንብቡት። ደብተሩ ላይ «ጥሩወርቅ» ተብሎ መታወቂያዋ ላይ «ጥሩነሽ» ከሆነ፣ ወይ የአያት ስም ከተለወጠ፣ አዲስ አበባ መስኮት ላይ «ይሄ ያንቺ አይደለም» ትባላለች። ወረዳችሁ ላይ ቶሎ የሚስተካከል ነገር እዚያ ስትደርሱ ቀናችሁን ይበላዋል።

ቀጥሎ ጤና ጣቢያ። አዎ፣ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ቀጥታ ከተማ ወጥታ የግል ክሊኒክ መታየት እንደምትፈልግ ይገባኛል፣ ፍርሃቱ አያስቀምጥም። ግን ጤና ጣቢያውን ከዘለላችሁ ወጪው ወደ ኪሳችሁ ይዞራል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉ፣ ከመንዝ ከሆናችሁ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ ከመርሐቤቴ ከሆናችሁ ወደ ዓለም ከተማ ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል።

ደብረ ብርሃን ላይ አትቸኩሉ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ማህተም ጎድሎ ከዚያ መመለስ ለታማሚ ትልቅ ስቃይ ነው። ሪፈሩን ከመቀበላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ አንብቡት፦ ሙሉ ስም፣ ቀን፣ የበሽታው ዓይነት፣ የሐኪሙ ፊርማ፣ ክብ ማህተም። የባዮፕሲ (ከእብጠቱ ተወስዶ የተመረመረው ናሙና) ውጤት ካለ ኦሪጅናሉን ያዙ፣ ኮፒ አስቀሩ፣ በስልክም ፎቶ አንሱት። የተላካችሁበት ሆስፒታል ጥቁር አንበሳም ይሁን ጳውሎስ፣ የወረዳችሁ መድን ከእሱ ጋር ውል እንዳለው ለወረዳው መድን ክፍል ደውላችሁ አረጋግጡ። ውል ከሌለ እንዴት ተመላሽ እንደሚደረግላችሁም ያኔውኑ ጠይቁ።

ጸበል ለመጠመቅ ጻድቃኔ ማርያም የምትሄዱም አላችሁ። ሂዱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። የሪፈሩንና የቀጠሮውን ቀን ብቻ አታሳልፉ፣ ካንሰር ቶሎ ሲያዝ ሕክምናውም ይቀላል፣ ወጪውም ያንሳል።

አዲስ አበባ ስትደርሱ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት «የመድን ታካሚ ነኝ» በሉ። ከከፈላችሁ በኋላ ማስመለስ ከባድ ነው።

ዋናው ፈተና መድኃኒት ነው። መድኑ ይሸፍናል፣ ፋርማሲው ግን «የለም» ይላል። ያኔ የማዘዣው ወረቀት ላይ መድኃኒቱ እንደሌለ አስጽፉና ማህተም አስደርጉ። ውጭ ከመግዛታችሁ በፊት ለወረዳው ደውሉ፣ የትኛው ፋርማሲ ቢሆን እንደሚቀበሉ ይንገሯችሁ። ከገዛችሁ ደረሰኙ በታማሚው ስም ይሁን። ተራ ብጣሽ ወረቀት ደረሰኝ አይደለም! ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ከሆነ ደግሞ ግሊቬክ የተባለው ክኒን ጥቁር አንበሳ ላይ በእርዳታ በነፃ ሲሰጥ የቆየ ነው፣ ሳትጠይቁ አትግዙ።

መድኑ የማይሸፍነው ትራንስፖርት፣ ከሆስፒታል ውጭ የምታድሩበት አልጋና ምግብ ነው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል፣ ጨረር ደግሞ ለሳምንታት በየቀኑ ሊሆን ስለሚችል ቤተሰብን የሚያራቁተው ይሄ ነው። የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር (የታካሚን ማኅበራዊ ችግር የሚያግዝ ባለሙያ) አናግሩ። ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ አለው፣ ለሕፃናት ደግሞ ተስፋ አዲስ የሚባል ድርጅት አለ። ኬሞውን ለቤታችሁ ቀረብ ያለ ቦታ መውሰድ ይቻል እንደሆነም ሐኪሙን ደፍራችሁ ጠይቁት።

ሕክምናው ዓመት ሊሻገር ይችላል። ታማሚውና አስታማሚው አዲስ አበባ እያሉ እድሳቱ አገር ቤት እንዳያልፍ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የመዋጮውን ብር ለምታምኑት ዘመድ ወይ ጎረቤት ስጡና ቀኑ ሲደርስ ቀበሌ ሄዶ እንዲያሳድስላችሁ አደራ በሉት።