ቶሎ የማይመነዘር ቼክ በግኑካሽ የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም እንዴት ይያዛል?

ቼኩን ፈርመው ከሰጡበት ቀን አንስቶ ገንዘቡ ከሂሳብዎ እስኪወጣ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ጥር መጀመሪያ ላይ አዘዞ ቤት ለሚሠራልዎ ግንበኛ የሰጡት ቼክ ሰውየው ጥምቀትን ውሎ፣ ቤተሰብ ጠይቆ እስኪመለስ ኪሱ ውስጥ ይከርማል። እስከዚያው ባንኩ በስልክዎ የሚያሳይዎት ቀሪ ሂሳብ የሌላ ሰው ገንዘብ የተቀላቀለበት ነው። እሱን አምነው ሌላ ቼክ ከጻፉ ስንቅ የሌለው፣ ማለትም በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ሊያወጡ ይችላሉ፤ ይህ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ወጪው የሚመዘገበው ቼኩ በተመነዘረበት ቀን ሳይሆን ከእጅዎ በወጣበት ቀን ነው። የቼኩን ቁጥር በቁጥር ሳጥኑ ውስጥ፣ የተቀባዩን ስም በመግለጫው ላይ ይጻፉ። ቼኩ ላይ የወደፊት ቀን ቢጻፍም ልዩነት የለውም፤ ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ስለሆነ ተቀባዩ በማግስቱ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ቀኑ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ብቻ ነው። ጥር 5 ቀን 2017 ማለት ጃንዋሪ 13, 2025 ነው። ዓመቱን ሳይቀይሩ 2017 ብለው ካስገቡ ግብይቱ ከዓመታት በፊት ከነበሩት ተርታ ገብቶ ከዓይን ይሰወራል። ድምሩ ግን ስለማይዛባ ስህተቱ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የኢትዮጵያውን ቀን መግለጫው ላይ ደግሞ መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው።

ከእያንዳንዱ ግብይት ጎን «አር» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። አዲስ ግብይት «ኤን» ሆኖ ይገባል። ቼኩ መከፈሉን በባንኩ መልእክት ሲያዩ አንዴ ጠቅ ያድርጉት፣ «ሲ» ይሆናል። «ዋይ» የሚሆነው ከስቴትመንት (ባንኩ ከሚሰጠው የሂሳብ ዝርዝር) ጋር ሲያስታርቁት ነው። ከታች «ክሊርድ» የሚለው ድምር ከባንኩ ጋር መግጠም አለበት፤ ለወጪ የሚተማመኑበት ግን «ፕረዘንት» የሚለው ነው። ባንኩ 64,500 ብር ቢያሳይና 18,000 እና 7,250 ብር የሆኑ ሁለት ቼኮች ገና ያልተመነዘሩ ቢሆኑ፣ በእጅዎ ያለው 39,250 ብር ብቻ ነው።

በየወሩ ስቴትመንት አምጥተው «አክሽንስ» ከዚያም «ሪኮንሳይል» ይበሉ፤ የስቴትመንቱን ቀንና የመጨረሻ ቀሪ ያስገቡ፤ ስቴትመንቱ ላይ ያሉትን ብቻ ምልክት ያድርጉ። ያልተመነዘረው ቼክ ምልክት ሳይደረግበት ለሚቀጥለው ወር ይቆያል። ልዩነቱ ዜሮ ካልሆነ መጀመሪያ የባንክ አገልግሎት ክፍያና ወለድ ይፈልጉ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ አሃዝ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል፤ 7,250ን 7,520 ብሎ መጻፍ 270 ያጎድላል። «ባላንስ» የሚለውን ቁልፍ ግን አይጫኑ፤ ልዩነቱን በማስተካከያ ግብይት ይሸፍነዋል እንጂ ስህተቱን አያገኝልዎትም።

ቼኩ ወር ካለፈው ለተቀባዩ ይደውሉ። ቼክ ለክፍያ መቅረብ ያለበት በ6 ወር ውስጥ ነው። ያ ካለፈ ግብይቱን አያጥፉት፤ ዕዳው አብሮ አልጠፋምና። «አድ ሪቨርሲንግ ትራንዛክሽን» ብለው ተቃራኒ ግብይት ይፍጠሩ፤ በዚያ ውስጥ ያለውን የወጪ ሂሳብ ደግሞ «ተከፋይ» በሚል የዕዳ ሂሳብ ይተኩት። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ ባንክ ውስጥ መኖሩም፣ የግንበኛው መሆኑም አብሮ ይታያል። አዲስ ቼክ ከመስጠትዎ በፊት አሮጌውን ተቀብለው ይሰርዙት፤ ጠፋ ከተባለ ቁጥሩን ጠቅሰው ለባንኩ በጽሑፍ ያመልክቱ።

ቼክ ተቀባዩ እርስዎ ከሆኑ ሥራው ቀላል ነው፦ «በእጅ ያሉ ቼኮች» የሚል የሀብት ሂሳብ ከፍተው እዚያ ያስገቡት፤ ወደ ባንክ ሂሳቡ የሚያዛውሩት ገንዘቡ ገቢ ሲሆን ነው።