በዓልን ቆሻሻ ሳያበዙ እንዴት ማክበር ይቻላል?

የበዓል ማግስት ጠዋት ነበር። እንግዳው ሁሉ ሄዷል፣ ቤቱ ጭር ብሏል፣ በሩ ጥግ ላይ ሦስት የተወጠሩ የቆሻሻ ከረጢቶች ተደርድረዋል። ላወጣቸው ስል አንድ ነገር አሰብኩና ጓንት አጥልቄ፣ ላስቲክ መሬት ላይ ዘርግቼ፣ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። የሚበዛው ፕላስቲክ ይሆናል ብዬ ነበር። ግማሽ ያህሉ ግን ምግብ ሆኖ አገኘሁት። ድስት ውስጥ ክፍቱን አድሮ የኮመጠጠ ሩዝ፣ አንዴ ብቻ የተገመጠ ዳቦ፣ ማንም ያልነካው ሰላጣ። ከዚያ ሥጋና መረቅ የተጣበቀባቸው የሚጣሉ ሳህኖች። ከዚያ ውሃ የቀረባቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች፣ ቆጠርኳቸው፣ 41 ናቸው። የነበርነው 18 ሰዎች ነን።

የእነዚያ ከረጢቶች ነገር ያለቀው ገና ገበያ ሳንወጣ ነው። ስንት ሰው እንደሚመጣ ሳንጠይቅ ገዛን፣ ሳህን ከመበደር የሚጣል ይሻላል አልን፣ ጠርሙስ ውሃ በካርቶን አስመጣን። ስለዚህ ከታች የምነግራችሁ ሥራ የሚጀምረው ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ሁሉንም በአንድ በዓል ማድረግ አይጠበቅባችሁም። ጊዜ የሌለው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ቢያደርግ ትልቁን ሥራ ሠርቷል።

መጀመሪያ እንግዳ ቁጠሩ፣ ምግቡ ከዚያ ይመጣል

ደውሉ። "ትመጣላችሁ አይደል?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም፣ "ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት? ልጆችስ?" በሉ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስፍሩት። ከዚያ በሰው አስሉ። ደረቅ ሩዝ ወይም ፓስታ ከሆነ ለአንድ አዋቂ ከ75 እስከ 100 ግራም ይበቃል፣ ለልጅ ግማሹ። የምግቡ ዓይነት በበዛ ቁጥር ደግሞ የእያንዳንዱን መጠን ቀንሱ። አብዛኛው ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አምስት ዓይነት ምግብ ሲሠራ እያንዳንዱን ብቻውን እንደሚበላ አድርጎ ያበስለዋል፣ እንግዳው ግን ሆዱ አንድ ስለሆነ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ አንስቶ ይጠግባል።

እንዲህ የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2022 ብቻ በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ለሸማቹ ከቀረበው ምግብ 19 በመቶው ማለት ነው። ከባከነው ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው ደግሞ ከመኖሪያ ቤት ነው፣ ከእኔና ከእናንተ ኩሽና። ይህ ምግብ ቆሻሻ ክምር ስር አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት ይይዛል።

ከሁሉም የከፋው ሥጋ መጣል ነው። የውሃ አጠቃቀምን ያጠኑት መስፍን መኮንንና አርየን ሁክስትራ እንዳሰሉት አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ገበታ እስኪደርስ በአማካይ 15,400 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጃል፤ አብዛኛው ከብቱ የሚበላው መኖ የሚበቅልበት ነው። አንድ ኪሎ አትክልት ግን 320 ሊትር አካባቢ ነው። ስለዚህ የምትቀንሱትን ስትመርጡ ከሥጋው ጀምሩ። ይተርፋል ብላችሁ የምትሰጉትን ግማሽ ኪሎ ሥጋ በአትክልት ብትተኩት ገበታው አይጎድልም።

"ከሚጎድል ይትረፍ" የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ሰው ቤቴ መጥቶ ምግብ ቢያልቅብኝስ የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ "በቃ ቀንሱ" ብሎ ማለፍ ለማንም አይጠቅምም። መፍትሔው መጠባበቂያውን ሳያበስሉ ማስቀመጥ ነው። በ20 ደቂቃ የሚደርስ ነገር፣ ፓስታ ይሁን እንቁላል ይሁን የተከተፈ አትክልት፣ ጥሬውን አዘጋጅታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ወይም መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ሰው ከበዛ ምድጃ ላይ ትጥዱታላችሁ። ካልበዛ የሳምንቱ ምግብ ነው። እኔ ከዚያ የከረጢት ቀን ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው፣ እስካሁን አንድም ሰው ሳይጠግብ ከቤቴ አልወጣም።

ገበያ

ከመውጣታችሁ በፊት ፍሪጁን ክፈቱ። ያለውን ጨርሱ፣ ቦታም ይለቃል። ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነውን ተዉት።

ለመያዣ የሚሆን ነገር ከቤት ይዛችሁ ውጡ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ "ለአካባቢ ተስማሚ" ተብሎ የተጻፈበት አዲስ የጨርቅ ቦርሳ በየበዓሉ መግዛት ነገሩን አያሻሽለውም። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረገው ጥናት የጥጥ ቦርሳ አንዴ ተይዞ ከሚጣል ተራ ፌስታል ለአየር ንብረት የተሻለ እንዲሆን 131 ጊዜ መያዝ አለበት። ጥጥ ማብቀል ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ቤት ያለውን፣ ያረጀውንም ቢሆን፣ ደጋግማችሁ ያዙት። ፌስታል ካላችሁም አጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱት፣ እስኪቀደድ ይሠራል።

ሲበስል

እዚህ ብዙ የሚባል የለም። ድስቱን ክደኑት። ጥራጥሬ ከሆነ ከዋዜማው ዘፍዝፉት፣ የማብሰያ ጊዜው በጣም ያጥራል። እሳቱን ምግቡ ከመድረሱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ አጥፉት፤ ወፍራም ድስት በያዘው ሙቀት ይጨርሰዋል።

ሳህኑ ይታጠብ

የሚጣል ሳህንና ብርጭቆ የሚገዛው እጥበትን በመፍራት ነው፣ ይገባኛል። ግን ስታይሮፎም፣ ማለትም ነጩ ቀላል የአረፋ ፕላስቲክ፣ ሳህን ሆኖ ምግብ ከነካው በኋላ መልሶ ጥቅም ላይ የሚያውለው የለም ማለት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2021 ጀምሮ የሚጣሉ የፕላስቲክ ሳህኖችን፣ ሹካና ማንኪያዎችን፣ የስታይሮፎም የምግብ ዕቃዎችንም ገበያ እንዳይገቡ የከለከለው ወዶ አይደለም። የወረቀት ብርጭቆ ይሻላል ብላችሁ ከሆነም ውስጡን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት፤ ፈሳሹ እንዳያልፍ የተለበጠ ስስ ፕላስቲክ አለው፣ ከወረቀቱ ለመለየት ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

የሚሻለው መበደር ነው። ከጎረቤት 12 ሳህን፣ ከእህታችሁ 10 ብርጭቆ። የማን ሳህን የማን እንደሆነ እንዳይጠፋባችሁ ከሳህኑ ስር በጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ አድርጉ። ለአንዱ ቤት ቀይ፣ ለሌላው ሰማያዊ። ሲመለስ በአሴቶን፣ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ ይለቃል። እኔ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ አንድም ሳህን አልተሳሳተም።

እጥበቱን ደግሞ ብቻችሁን አትሸከሙት። ትርፍራፊውን የሚጠርግ አንድ፣ በሳሙና የሚያጥብ አንድ፣ የሚያለቀልቅ አንድ፣ ለሦስት ከተከፋፈላችሁ 20 ሰው የበላበት ዕቃ ጨዋታው ሳያልቅ ይጠናቀቃል። ውሃውን ከቧንቧ እያፈሰሳችሁ ሳይሆን በሁለት ሳፋ አድርጉት።

ትንንሽ ሳህን አቅርቡ፣ ሰው ደግሞ ያነሳል። ውሃ በጆግ ይቅረብ፣ ብርጭቆው ላይ ስም የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ለጥፉበት። አለበለዚያ ሰው ብርጭቆው ይጠፋውና ሌላ ያነሳል። 41 ጠርሙስ የመጣው እኮ እንደዚያ ነው፣ እያንዳንዱ ተከፍቶ፣ ሁለቴ ተጎንጭቶ፣ የት እንደተቀመጠ ተረስቶ።

ማስዋቢያና መብራት

ቤታችሁ ያለውን አውጡና እዩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቅጠል፣ አበባ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ ሲያልቅ አፈር ይሆናል። የመብራት ገመድ የምትገዙ ከሆነ ኤልኢዲ ይሁን። ከድሮው አምፖል ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፣ ዕድሜውም እስከ 25 እጥፍ ይረዝማል። ስትተኙ አጥፉት።

ፊኛ ወደ ሰማይ አትልቀቁ። ይህን በልመና ነው የምለው። የተለቀቀ ፊኛ የሆነ ቦታ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜም ውሃ ላይ። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የባሕር ወፍ የፊኛ ቁራጭ ስትውጥ የመሞት ዕድሏ ጠንካራ ፕላስቲክ ከመዋጥ በ32 እጥፍ ይበልጣል፤ ለስላሳው ጎማ አንጀቷን ይዘጋዋል። ልጆች ፊኛ ከወደዱ ቤት ውስጥ በአፍ ተነፍቶ ይታሰር፣ ሲፈነዳ ቁራጩ ይለቀም። የሚበተን ብልጭልጭም ያው ፕላስቲክ ነው፣ ከምንጣፍ ወደ ውሃ መውረጃ፣ ከዚያም ወደ ወንዝ ይሄዳል። ርችት ላይ የምታዩት ቀይ ከስትሮንቲየም፣ አረንጓዴው ከባሪየም የሚመጣ ነው፣ ጭሱም እነዚህን ብረቶች ይዞ ነው የሚወርደው። ከተቻለ ይቅር።

ስጦታ

የሚያስፈልገውን ጠይቃችሁ ስጡ። ድንገቴ ደስ ይላል፣ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ የሚጠጣ ስጦታ ለማንም አይሆንም። ለልጆች ባትሪ የሚበላ አሻንጉሊት ከሆነ የሚሞላ ባትሪ አብራችሁ ስጡ።

ለመጠቅለያ እኔ ጨርቅ ነው የምወደው። ያረጀ የአንገት ልብስ፣ የተረፈ የልብስ ስፌት ቁራጭ፣ አራት ማዕዘን እስከሆነ ድረስ ይሠራል። ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለው ርዝመት የዕቃውን ወርድ ሦስት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። ጨርቁን አንዱ ጥግ ወደ እናንተ እንዲያይ አድርጋችሁ ዘርጉ። ዕቃውን መሐል አስቀምጡ። ወደ እናንተ ያለውን ጥግ አንስታችሁ ዕቃው ላይ አልብሱትና የተረፈውን ስሩ ውሸቁት፣ ተቃራኒውንም እንዲሁ። ከዚያ የቀኝና የግራ ጥጎችን ከላይ አምጥታችሁ ሁለቴ ቋጥሩ። ፕላስተር የለ፣ መቀስ የለ። ተቀባዩ ጨርቁን ደግሞ ለሌላ ሰው ይጠቀልልበታል።

ወረቀት ከሆነ የምትጠቀሙት ይህን ሞክሩ፦ በመዳፋችሁ ጨብጡትና ልቀቁት። እንደተጨማደደ ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ነው፣ መልሶ ጥቅም ላይ ይውላል። ራሱን መልሶ ከተዘረጋ ፕላስቲክ አለበት።

መጓጓዣ ላይ ብዙ አልልም። በአንድ አቅጣጫ የሚመጡትን እንግዶች አገናኟቸው፣ በአንድ መኪና ይምጡ።

ሰው ሳይበተን የሚሠራ ሥራ

የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ። ጨዋታ ደርቶም ቢሆን አንድ ሰው ተነስቶ ይህን ይሥራ፤ የእኔ ሩዝ የኮመጠጠው ማንም ስላልተነሳ ነው። ጥልቀት በሌለው ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ በትልቅ ድስት ከገባ መሐሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም። በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ብሉት፣ ስታሞቁት እስኪተንን ድረስ ይሁን።

ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ቀድሞ የሚላክ መልእክት ነው፦ "ስትመጡ ባዶ የምግብ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፣ የተረፈውን ተካፍለን ነው የምንለያየው።" ለታላላቆች ደግሞ ዕቃውን እናንተ አዘጋጁላቸው፣ ይዘው እንዲመጡ አትጠይቋቸው።

የአትክልት ልጣጩ ቦታ ካላችሁ ለአፈር ይሆናል። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ፣ እርጥቡን ጨምሩ፣ በላዩ ሁለት ሦስት እጥፍ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን፣ ከዚያ አፈር። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት አይግባበት፣ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። የተጠበሰበትን ዘይት ሲቀዘቅዝ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት እንጂ ውሃ መውረጃ ላይ አትድፉት፣ ቧንቧው ውስጥ ይረጋል።

ከረጢቶቹን ከማውጣታችሁ በፊት ቁጠሯቸውና ደብተር ላይ ጻፉ። ምን ተረፈ፣ ምን አለቀ። የሚቀጥለው በዓል ሲመጣ የምትከፍቱት ያንን ገጽ ነው። የእኔ ያለፈው ዓመት ገጽ እንዲህ ይላል፦ "22 ሰው። 1 ከረጢት። ሩዝ ልክ ነበር። ሰላጣ ተረፈ፣ በግማሽ ይቀነስ። ዳቦ በ5 ይቀነስ። መጠባበቂያው አልተነካም፣ ማክሰኞ በላነው። የጎረቤት ሳህን 12፣ ሁሉም ተመልሷል።"