ገደብ የለሽ የክላውድ መጠባበቂያን ከመግዛት በፊት መመዘን

ደብረ ብርሃን ላይ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያም ሆነ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የተማሪዎቹን ውጤት በላፕቶፕ የሚይዝ መምህር፣ ለግል ኮምፒውተሩ «ገደብ የለሽ» የተባለ የክላውድ መጠባበቂያ (የፋይሎችን ቅጂ በኢንተርኔት በኩል በኩባንያ ማከማቻ የሚያስቀምጥ አገልግሎት) ሲመርጥ ከኩባንያው ማስታወቂያ በፊት የራሱን ኢንተርኔት የአፕሎድ (ፋይል ወደ ኢንተርኔት የመጫን) ፍጥነት ሊለካ ይገባል። ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ከሆነ 200 ጊጋባይት ለመጫን ያለማቋረጥ 111 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ይረዝማል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ካቆመበት የሚቀጥል መሆኑን፣ አንድ ትልቅ ፋይል በመጫን ላይ ሳለ ሞደሙን ነቅሎ መልሶ በመሰካት መፈተን ይቻላል። የዳታ ጥቅሉ ገደብ ካለው ግን የአገልግሎቱ ገደብ የለሽነት ብዙም አይፈይድም።

ቀጥሎ ውሉ በጥንቃቄ ይነበብ። ከኮምፒውተሩ የተሰረዘ ፋይል በማከማቻው ስንት ቀን ይቆያል? ተነቃይ ሃርድ ዲስክስ ይካተታል? አንዳንድ አገልግሎቶች ለረጅም ጊዜ ያልተሰካ ዲስክን ቅጂ ስለሚያጠፉ፣ የቆየ ሥራውን በዲስክ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ ለሚቆልፍ ሰው፣ በእኔ ግምት፣ ከዋጋውም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው።

የግል የምስጠራ ቁልፍ (ፋይሎቹን ከሌላ ሰው ዓይን የሚቆልፍ፣ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው የይለፍ ቃል) የመረጠ ሰው ቁልፉን በወረቀት ጽፎ ከኮምፒውተሩ አርቆ ያስቀምጥ፤ ከጠፋ ኩባንያውም ሊከፍትለት አይችልም። ክራሽፕላን የተባለው የክላውድ መጠባበቂያ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2017 የቤት ተጠቃሚዎችን አገልግሎት እንደሚያቋርጥ ስላስታወቀ፣ ሁለተኛ ቅጂን በእጅ መያዝ ቅንጦት አይደለም። ከክፍያ በፊት ባለው የሙከራ ጊዜ አንድ ሙሉ ፎልደር መልሶ አውርዶ ፋይሎቹ በትክክል መከፈታቸውን ሳያረጋግጡ የዓመት ክፍያ መፈጸም አይገባም።