በባሕር ዳርቻ የሚቀረውን የስበት መረጃ ክፍተት በአውሮፕላን መሙላት

የየብስ ግራቪሜትር (የስበት መለኪያ መሣሪያ) ውኃው ዳር ሲደርስ ይቆማል፤ የልኬት መርከብ ጥልቀት በሌለው ውኃ አይገባም። የባሕሩን ገጽ ከፍታ የሚለካው የሳተላይት አልቲሜትር መረጃም ወደ የብስ በተጠጋ ቁጥር ይበላሻል፤ የየብሱ ነጸብራቅ ከባሕሩ ጋር ስለሚደባለቅ። ስለዚህ ለጂኦይድ (ከፍታ የሚለካበት፣ ከአማካይ የባሕር ገጽ ጋር የሚቀራረብ የስበት ገጽ) ስሌት እጅግ የሚፈለገው የዳርቻው ቀበቶ ባዶውን ይቀራል። የአሜሪካው ግራቭ-ዲ ፕሮጀክት ይህን ለመሙላት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ልዩነት መስመሮችን በርሯል።

ዋናው ነገር የመስመሩ አቀማመጥ ነው። መስመሩን ዳርቻው ላይ አትጨርሱት። አውሮፕላኑ ሲዞር መሣሪያው ይናወጣል፤ እስኪረጋጋ ያለው ንባብ ይጣላል፤ የሚጣለውም በትክክል የምትፈልጉት ቦታ ይሆናል። መስመሩ ከየብሱ መረጃ ውስጥ ተነሥቶ መርከብ ወደለካበት ጥልቅ ባሕር ይዝለቅ። ያኔ የድሮ የመርከብ ልኬቶች መዛባትም ይጋለጣል።

ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የተበረሩት መስመሮች አልገጥም ካሉ፣ መጀመሪያ የተመዘገበውን የአውሮፕላኑን ፍጥነት ጠርጥሩ፤ ምድር ስለምትሽከረከር ንባቡ እንደ በረራው ፍጥነትና አቅጣጫ ይለወጣልና። በ30 ዲግሪ ኬክሮስ የ0.1 ሜትር በሰከንድ ስሕተት 1.3 ሚሊጋል (የስበት መለኪያ አሃድ) ያህል ስሕተት ያመጣል። የጂፒኤስና የግራቪሜትሩ ሰዓት መናበቡንም አረጋግጡ።

ከፍታውም ዋጋ ያስከፍላል፦ 20 ኪሎ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ምልክት ከ6 ኪሎ ሜትር ወደ ባሕር ወለል በስሌት ማውረድ ስሕተቱን 6.6 ጊዜ ያበዛዋል፤ ከ3 ኪሎ ሜትር ግን 2.6 ብቻ። ጠባብ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዝቅ ብሎ መብረር ይሻላል።

ከበረራ በፊትና በኋላ አውሮፕላኑ እዚያው ማቆሚያ ላይ ቆሞ ግራቪሜትሩ ይነበብ። የመሣሪያውን ከፍታ በሜትር ለኩ፤ የ1 ሜትር ስሕተት 0.3 ሚሊጋል ነው።