ራውንድኪዩብን ወደ 1.6 ስታሻግሩ፦ ችግሩና መፍትሄው

ራውንድኪዩብ ኢሜይልን በብሮውዘር የሚያስከፍት ሶፍትዌር ነው። ከደቢያን 11 ወደ ደቢያን 12 (የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው) የተሻገረ ሰርቨር ላይ ራውንድኪዩብ በአንድ ሌሊት ከ1.4 ወደ 1.6 ይዘላል። መሃል ላይ ያለው 1.5 ስለሚታለፍ የሁለት ቨርዥን ጣጣ አንድ ላይ ይመጣል። ጠዋት ደግሞ ሰው ሁሉ ኢሜይሉን ሊከፍት ይገባል። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ዳታቤዙንና የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሉን ባክአፕ አድርጉ። ከታች ካሉት ማስተካከያዎች አንዱ ያለ ባክአፕ በፍጹም አይሞከርም።

ሎጊን ገጹ ይከፈታል፤ ፓስወርድ ሲገባ ግን ከሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል

የሰዉን ፓስወርድ መቀየር አትጀምሩ። 1.6 የግንኙነት ቅንብሮችን ስም ቀይሯል። (አይማፕ ኢሜይል የሚነበብበት፣ ኤስኤምቲፒ ኢሜይል የሚላክበት መንገድ ነው፤ ሆስት የሰርቨሩ አድራሻ ነው።) ድሮ «ዲፎልት ሆስት» የነበረው አሁን «አይማፕ ሆስት» ነው። «ኤስኤምቲፒ ሰርቨር» ደግሞ «ኤስኤምቲፒ ሆስት» ሆኗል። ፖርት (የግንኙነቱ በር ቁጥር) ለብቻው የሚጻፍበት መስመርም ቀርቷል፤ ቁጥሩ ከአድራሻው ጋር ተያይዞ ይጻፋል።

የደቢያኑ ፓኬጅ ሲጫን ስለ ኮንፊጉ ይጠይቃችኋል። የድሮው ይቆይ ካላችሁ ፋይሉ እንዳለ ይቀመጣል፤ አዲሱ ሶፍትዌር ግን የድሮዎቹን ስሞች አያውቃቸውም። ስለዚህ በራሱ ዲፎልት ይሄዳል፦ እዚያው ማሽን ላይ አይማፕን በ143፣ ኤስኤምቲፒን በ587 ይሞክራል። ሜይል ሰርቨራችሁ ሌላ ማሽን ላይ ከሆነ መልስ የሚሰጠው የለም።

በእጅ የጫናችሁ ከሆነ «ቢን» ፎልደር ውስጥ ያለውን የአፕዴት ስክሪፕት አስኪዱት፤ የድሮዎቹን ስሞች ወደ አዲሶቹ ሊቀይርላችሁ ይጠይቃችኋል። ከፓኬጅ ከሆነ የድሮውንና የአዲሱን ኮንፊግ ጎን ለጎን ከፍታችሁ መስመሮቹን በእጃችሁ አስተካክሉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በቲኤልኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) የምትገናኙ ከሆነ አድራሻው ሰርተፊኬቱ ላይ ካለው ስም ጋር መግጠም አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ሎካልሆስት» (ይኸው ማሽን ራሱ) የሚለውን አጥፍቶ የሰርቨሩን ሙሉ ስም ይጽፋል። ትክክል ነው። ግን ቀጣዩን ችግር የሚወልደው ይኸው ነው።

ገባሁ፣ ኢሜይሎቼ አሉ፤ አድራሻዎቼና ፊርማዬ ግን የሉም

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የስድስት ዓመት አድራሻ ባዶ ሆነብኝ» ብላ ደወለችልኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳታቤዙን ከፍቼ «ዩዘርስ» የሚለው ቴብል ውስጥ ስሟን ስፈልግ ሁለት ቦታ ወጣ። አንደኛው ረድፍ ላይ «ሜይል ሆስት» የሚለው ኮለም «ሎካልሆስት» ይላል። ሁለተኛው ላይ የሰርቨሩ ሙሉ ስም ተጽፏል። አድራሻዎቿ በሙሉ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ በቦታቸው ነበሩ።

ራውንድኪዩብ አንድን ሰው የሚለየው በዩዘርኔም ብቻ አይደለም፤ በዩዘርኔምና በሜይል ሆስት አንድ ላይ ነው። የሆስቱ ስም ሲቀየር ሰውየውን እንደ አዲስ ሰው ይቆጥረውና ባዶ መዝገብ ይከፍትለታል። ኢሜይሎቹ ያሉት አይማፕ ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ አይነኩም። አድራሻ፣ ፊርማና ምርጫዎች ግን ከድሮው መዝገብ ጋር እንደታሰሩ ይቀራሉ።

መፍትሄው የድሮዎቹን ረድፎች ሜይል ሆስት በአዲሱ ስም መተካት ነው። አንድ የዳታቤዝ ትእዛዝ ይበቃል፤ ወሳኙ ሰዓቱ ነው። ማንም ሰው ሎጊን ከማድረጉ በፊት ከሆነ ያለምንም ችግር ያልፋል። አንድ ሰው እንኳ ቀድሞ ከገባ ግን የእሱ ባዶ መዝገብ ተፈጥሯል፤ ዳታቤዙም ያንኑ ስምና ሆስት ሁለቴ አልቀበልም ብሎ ትእዛዙን ይመልሰዋል። ያኔ አዲሱን ረድፍ ቀድሞ መሰረዝ ያስፈልጋል። እባካችሁ እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ረድፉ ሲሰረዝ በሥሩ ያሉት አድራሻዎችም አብረው ይሄዳሉ። ሰውየው ጠዋት ገብቶ አድራሻ መዝግቦ ከሆነ በቅድሚያ በቪካርድ ፋይል ኤክስፖርት ያድርግ፤ ሲስተካከል መልሶ ያስገባዋል።

ገብቶ ትንሽ እንደሠራ ኤረር ያወጣል

«ሎግስ» ፎልደር ውስጥ ያለውን የኤረር ፋይል ክፈቱ። ቴብል ወይም ኮለም አላገኘሁም የሚል ካለ ዳታቤዙ አልታደሰም ማለት ነው። ለምሳሌ ኢሜይል የላካችሁላቸውን ሰዎች አድራሻ የሚሰበስበው ቴብል የመጣው በ1.5 ነው። የዳታቤዝ ማደሻውን ስክሪፕት አስኪዱ፤ ያመለጡትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ይሞላል።

ገጹ ተራቁቶ ይመጣል፣ ቀለምም ቅርጽም የለውም

ይህ በብዛት የሚገጥመው ፓኬጁን ራሳቸው ከጊት (ምንጭ ኮዱ ከሚቀመጥበት) ለሚያዘጋጁ ነው። ኢላስቲክ የሚባለው ስኪን (የገጹ መልክ) ጊት ላይ የሚቀመጠው በሌስ ተጽፎ ነው፤ ብሮውዘር ወደሚያነበው ሲኤስኤስ የሚቀይረው ፓኬጁን የሚያዘጋጀው ሰው ነው። የጃቫስክሪፕት ላይብረሪዎቹም ለብቻቸው ይወርዳሉ። ሁለቱንም የፓኬጁ ግንባታ ውስጥ አስገቡ፤ ካልሆነ የተሟላውን የመልቀቂያ ፋይል መነሻ አድርጉ።

ላሪና ክላሲክ የሚባሉት የድሮ ስኪኖች ከ1.6 ጋር አብረው አይመጡም፤ ለብቻቸው ይገኛሉ። ፕለጊናችሁ (ተጨማሪ ተግባር የሚያክለው ፕሮግራም) የተሠራው ለላሪ ብቻ ከሆነ ኢላስቲክ ላይ ገጹ ይበላሻል። የሚሻለው ፕለጊኑን ማደስ ነው።

ከ2 ሜጋባይት በላይ ፋይል ማያያዝ እምቢ አለ

ይህን ራውንድኪዩብ አላመጣውም። ደቢያን 12 ፒኤችፒን (ራውንድኪዩብ የተጻፈበትን ቋንቋ) ከ7.4 ወደ 8.2 ያሳድጋል፤ አዲሱ ፒኤችፒ የሚያነበው የራሱን የቅንብር ፎልደር ነው። ድሮ ከፍ ያደረጋችሁት ልክ በ7.4 ፎልደር ውስጥ ቀርቷል። በ8.2 ፎልደር ውስጥ የአፕሎድን (የአንድ ፋይል) ልክም የፖስትን (በአንዴ የሚላከውን ጠቅላላ) ልክም ከፍ አድርጉ፤ የፖስቱ ከአፕሎዱ መብለጥ አለበት። ከዚያ ፒኤችፒን ሪስታርት አድርጋችሁ አንድ 5 ሜጋባይት ፋይል ለራሳችሁ ላኩ።