ሶሌታ ከመሞላቱ በፊት ከሥሩ ገብታችሁ እዩ

ሶሌታ፣ ማለትም የፎቅ ወለል ወይም ጣራ የሚሆነው የኮንክሪት ንጣፍ፣ የሚሞላበት ቀን ሳይት ላይ ድግስ ነው የሚመስለው። ሚክሰሩ ገና በጠዋቱ ይነሳል፣ የቀን ሠራተኛው እጥፍ ይሆናል፣ ባለቤቱ ምሳ ያሰናዳል። ደሴ ላይ ፕሮጀክት መምራት በጀመርኩ ሰሞን እኔም ቀኑን እወደው ነበር። አሁን ግን ከዚያ በፊት ያለችውን ማታ ነው አጥብቄ የምይዘው።

ከዲዛይኑ እንጀምር፣ ባጭሩ። መጀመሪያ የአፈር ምርመራ፣ ከዚያ አርክቴክቱ፣ ቀጥሎ ስትራክቸሩ፣ የውሃና የመብራቱ ሥራ፣ በመጨረሻ የግንባታ ፈቃድ። ብዙ ሰው ብር ለመቆጠብ ብሎ የአፈር ምርመራውን ይዘለዋል። አትዝለሉት። ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ ያለውንም ቤት አብሮ ያነሳዋል፣ አብሮ ያወርደዋል። ከደሴ በላይ ባለው የጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ የምትሠሩ ደግሞ የዝናቡ ውሃ በየት እንደሚወርድ ሳታዩ ቁፋሮ አትጀምሩ። ጉድጓዱ 1.5 ሜትር ካለፈ ጎኑን ደግፉት፤ የወጣውንም አፈር አፋፉ ላይ አትከምሩ።

ፌሮ ሲታሰር ስታፋው ላይ፣ ማለትም የኮለኑን (የምሰሶውን) የቆሙ ፌሮዎች ዙሪያውን በሚያቅፈው ቀለበት ላይ፣ ድርቅ በሉ። ጫፉ 90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ይከፈታል። 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮለኑ ሆድ መግባት አለበት። ፌራዮዎች ሥራ ስለሚያበዛባቸው አይወዱትም፣ ግን የምንኖረው ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፤ ካራቆሬ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱ መንገዳችሁ ላይ ናት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ድጋፉ።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ 15 ሳንቲ ውፍረት ያለው ሶሌታ 375 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሰባት ተኩል ባለ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ማለት ነው። መቶ ካሬ ከሆነ ከ37 ቶን በላይ፣ ያውም ሠራተኛውና ካሪዮላው ሳይቆጠር። ይሄ ሁሉ እስኪጠነክር ድረስ የሚቆመው በባህር ዛፍ ቋሚዎች ላይ ነው። ቋሚዎቹ ደግሞ የሚቆሙት በአፈር ላይ። ሁላችንም ፌሮውን ቆጥረን፣ ጣውላውን አይተን፣ አፈሩን እንረሳዋለን።

እኔም ረስቼው ነበር። ነሐሴ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አድሯል፣ ከጎረቤት ጣራ የወረደው ውሃ ደግሞ ገና ያልረጋ ሙሌታችን (ቋሚዎቹ የቆሙበት የተሞላ አፈር) ውስጥ ገብቷል። እኔ ጠዋት የሶሌታውን ፌሮ ብቻ አይቼ አስጀመርኩ። ግማሽ ገደማ እንደሞላን ከታች ውሃ የምታቀብል ልጅ ወጥታ «ጋሼ፣ እንጨቱ እየተንቋቋ ነው» አለችኝ። ፎርማኑ ከላይ ሆኖ «አብሽር፣ እንጨት ነው፣ ጭነት ሲያገኝ ይጮኻል» አላት። እኔም ለደቂቃዎች አመንኩት። ኋላ ስወርድ ጥግ ላይ ያሉት ቋሚዎች አራት ጣት ያህል ጭቃው ውስጥ ሰምጠው፣ ሽብልቁ ወልቆ አንዱ ወደ ውጭ ጎብጧል። ሥራውን አስቁመን ሰውን ሁሉ አወረድን። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። እርጥቡን ኮንክሪት ግን አፍሰን ጣልነው። ያቺ ልጅ ባትናገር ኖሮ ምን እንደሚሆን ዛሬም አስባለሁ። ስለዚህ ሳይታችሁ ላይ ማንም ሠራተኛ፣ የውሃ አቀባይም ቢሆን፣ «አቁሙ» ሲል ሥራው ይቁም። «አብሽር» ለሐዘንተኛ ጥሩ ቃል ነው፤ ቋሚ ግን አይደግፍም።

እንግዲህ ዋዜማውን እንዲህ አድርጉ። ሙሌታው በየንብርብሩ መጠቅጠቁን አረጋግጡ፣ የጣራ ውሃ ካለ ቦይ ቀዳችሁ አርቁ። ቋሚ በቀጥታ አፈር ላይ አይቁም፤ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ይነጠፍ። ድንጋይ ቁራጭ ወይም ብሎኬት ጣል አድርጎ ማለፍ የለም፣ ብሎኬት ይሰነጠቃል። ሽብልቁ ጥንድ ይሁንና በምስማር ይያዝ። ቋሚው ቀጥ ያለ ይሁን፤ አጭር ሆኖ መሃሉ ላይ የተቀጠለ አጠና ካያችሁ አስወጡት፣ አትከራከሩ። ከዚያ በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ እንጨት እሰሩ፣ ምክንያቱም ድጋፍ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በክብደቱ ሳይሆን ወደ ጎን በመዘርጠጡ ነው። የቋሚዎቹን ርቀት መሐንዲሱ አስልቶ ይስጣችሁ፣ በልምድ አይሆንም። አቅሙ ካላችሁ የብረት ድጋፍ ተከራዩ። ኪራዩ ይመራል፣ ግን ሳትሰጉ ታድራላችሁ።

ሲሞላ ከሥር ማንም አይግባ። አንድ ሰው ብቻ ከውጭ ሆኖ ከቢሙ ሥር የተወጠረውን ሲባጎ ይጠብቅ፤ ሲባጎው ከተነካ ይጩህ። ኮንክሪቱን አንድ ቦታ አትከምሩት። ቫይብሬተሩን (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ አየሩን የሚያስወጣውን ማሽን) በየቦታው አረፋው እስኪያቆም ድረስ ብቻ ያዙ፣ መለዋወጫ መርፌም ይኑራችሁ። ሠራተኛው እንዲቀልለው ብሎ ውሃ ሲጨምር ካያችሁ አስቁሙት፤ ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ገደማ ይበቃል፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ጫፍ ጫፉን በአንድ ሜትር አጥር ክበቡት። ሄልሜት የሚለውን መድገም አያስፈልገኝም።

ውሃ ማጠጣቱ ቢያንስ ሰባት ቀን ነው። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ቶሎ ስለሚያደርቀው ጆንያ አልብሳችሁ አርጥቡት። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ በብርድ ኮንክሪት ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ከተማዎቹ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢለያዩም የድጋፍ ማንሻ ቀናቸው አንድ አይደለም። እኔ የሶሌታ ድጋፍ ከ14 ቀን፣ የቢም ከ21 ቀን በፊት አላስነካም፣ በብርድ ወራት ደግሞ እጨምራለሁ። ጣውላው ለሌላ ሳይት ይፈለጋል ተብሎ የሚመጣ ጥድፊያ ካለ የኪዩብ ውጤቱን፣ ማለትም ከኮንክሪቱ ናሙና ተወስዶ የተፈተነውን ጥንካሬ፣ አምጡ በሉ።

ስትነቅሉም ሥርዓት አለው። ሽብልቁን ቀስ ብላችሁ ፍቱት እንጂ ቋሚውን በመዶሻ መታችሁ አትጣሉት። መደበኛው ሶሌታ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ኮለኖቹ ይሄዳል። በረንዳ ግን ተቃራኒው ነው፤ ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ቤቱ ግቡ። የላዩ ፎቅ ሶሌታ ገና የሚሞላ ከሆነ ደግሞ የታችኛውን ድጋፍ አትንኩት።